ዘግይቶ የሚደርሰው ድምፅ፦ ስለ ስቱዲዮ ሞኒተሮች አቀማመጥና ስለ ሞገዶች መጠላለፍ

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የምናገረው ስለ ስቱዲዮ ሞኒተሮች ነው፤ ሆኖም የትኛውን መግዛት እንደሚሻል ለማወቅ የመጣ ሰው ካለ የሚፈልገውን ከእኔ አያገኝም። ሞኒተር ከሌላ ስፒከር የሚለየው ሙዚቃን አሳምሮ ለማሰማት ሳይሆን የተቀዳውን እንዳለ ለማቅረብ የሚሠራ በመሆኑ ነው። ሚክስ የሚሠራ፣ ማለትም ለየብቻ የተቀዱ ድምፆችን መጥኖ የሚያዋህድ ባለሙያ ባሱን ሲጨምርም ሆነ ሲቀንስ፣ ድምፃዊውን ወደ ፊት ሲያወጣም ሆነ ወደ ኋላ ሲመልስ፣ የሚወስነው ጆሮው ላይ በደረሰው ነገር ተመርኩዞ ነው። ጆሮው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከስፒከሩ በቀጥታ የመጣው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ያው ድምፅ ጠረጴዛ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ኮርኒስ ላይ ነጥሮ፣ መንገዱን አራዝሞ፣ በሺህኛ ሰከንዶች ዘግይቶ እንደገና ይደርሳል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሞኒተር የተዛባ ድምፅ ሲያሰማ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የስፒከሩ ሳይሆን የዚህ ዘግይቶ የሚደርስ ቅጂ ነው። ጉዳቱም በኢኳላይዘር፣ የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን ለየብቻ በሚጨምርና በሚቀንስ መሣሪያ፣ የሚጠገን አይደለም፤ ስፒከሩን ወይም ራሳችንን ከቦታ ቦታ በማንቀሳቀስ ግን ይቀንሳል። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ቁጥሮች ያስፈልጉኛል፤ ከባድ ሒሳብ ግን የለበትም።

ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ቁጥር ለድግግሞሹ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ለሚነግረን በኸርዝ ለሚለካ ቁጥር፣ ስናካፍለው የሞገዱን ርዝመት እናገኛለን። የ10,000 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሴንቲ ሜትር፣ የ1,000 ኸርዝ ሞገድ 34 ሴንቲ ሜትር፣ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር፣ የ40 ኸርዝ ሞገድ ደግሞ 8.6 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። አንድ ሞኒተር በአንድ ጊዜ የሚለቃቸው ሞገዶች ከሁለት ጣት ስፋት ጀምሮ ክፍሉን ራሱን እስከሚበልጥ ርዝመት የተዘረጉ ናቸው ማለት ነው፤ ለቀጭኑ ድምፅ የሠራ መፍትሔ ለወፍራሙ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሞገዶች ጆሮ ላይ ሲገናኙ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ከገጠመ ይደጋገፋሉ፤ በመጠን እኩል ከሆኑም ድምፁ፣ በድምፅ መጠን መለኪያው፣ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ከገጠመ ግን ይጣፋሉ። መደጋገፋቸውንም ሆነ መጣፋታቸውን የሚወስነው በሁለቱ መንገዶች ርዝመት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ 34 ሴንቲ ሜትር፣ በጊዜ ሲሰላ አንድ ሚሊ ሰከንድ ከሆነ፣ 500፣ 1,500፣ 2,500 ኸርዝ ላይና በዚያው ልክ እየቀጠለ ድምፁ ይጠፋል፤ 1,000 እና 2,000 ኸርዝ ላይ ደግሞ ይጨምራል። ኮምብ ፊልተሪንግ የሚባለው ይህ ነው። በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ተመላሹ ድምፅ ከቀጥተኛው ስለሚያንስ መጣፋቱ ሙሉ አይሆንም፤ ይሁን እንጂ ተመላሹ ከቀጥተኛው በ10 ዴሲቤል ቢያንስ እንኳ ከፍ የሚለው በ2.4 ዴሲቤል፣ ዝቅ የሚለው በ3.3 ዴሲቤል ነው። አምራቹ በፕላስ ማይነስ 2 ዴሲቤል ውስጥ አስተካክዬዋለሁ ያለውን ስፒከር አንድ ደካማ ተመላሽ ድምፅ ብቻውን በ6 ዴሲቤል ያህል ያወዛውዘዋል። ተመላሹን በ20 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ከቻልን ግን ውዝዋዜው ከ2 ዴሲቤል በታች ይሆናል። ጥቃቅን የድምፅ ጉድለቶችን በማዳመጥ ለመለየት የሚደረጉ ሙከራዎችን የሚመለከተው አይቲዩ-አር ቢኤስ 1116 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ከ1,000 እስከ 8,000 ኸርዝ ባለው ክልል በመጀመሪያዎቹ 15 ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ የሚደርሱ ተመላሾች ከቀጥተኛው ድምፅ ቢያንስ በ10 ዴሲቤል እንዲያንሱ የሚጠይቀው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ከአንዱ ስፒከር ብቻ ፒንክ ኖይዝ፣ ሁሉንም ድግግሞሾች የያዘ የሹሹታ ድምፅ፣ እለቃለሁ፤ ረዳቴ ደግሞ ሰፊ ጣውላ ይዞ ከስፒከሩ ፊት ለፊት፣ ከድምፁ መንገድ በታች ይቆማል። ጣውላው ዝቅ ብሎ ሳለ ኖይዙ አንድ ዓይነት ነው። ቀስ እያለ ሲያነሳው ያ ደረቅ ፉጨት የመሰለ ቅላጼ ወደ ላይ ሲንሸራተት ትሰማላችሁ፤ ጣውላው ወደ ቀጥተኛው መስመር በቀረበ መጠን የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ስለሚያጥር የሚጠፉት ድግግሞሾች ወደ ላይ ይሸሻሉ። ጣውላውን ሲያቆመው ቅላጼውም ይቆማል፤ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ደግሞ ብዙዎቻችሁ መኖሩን ትረሱታላችሁ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የማይንቀሳቀስ ተመላሽ ድምፅ ይለመዳል፤ የለመደው ሰውም ያንን ቅላጼ የሙዚቃው ባሕርይ አድርጎ ይወስደውና ሚክሱን በእሱ ልክ ያርመዋል። ሚክሱ ሌላ ቦታ ሲደመጥ ጣውላው አይኖርም፤ እርማቱ ግን አብሮ ሄዷል።

በእያንዳንዱ ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ጣውላ አለ፤ የሥራ ጠረጴዛው ነው። የስፒከሩና የጆሯችሁ ከፍታ ከጠረጴዛው ወለል 40 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላችሁ ያለው ርቀት 1.2 ሜትር ነው እንበል። ጠረጴዛው ላይ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ የሚጓዘው 1.44 ሜትር ያህል ስለሆነ ልዩነቱ 24 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ድምፁም 700 ኸርዝ ገደማ ላይ ይጎድላል፣ 1,400 ኸርዝ ገደማ ላይ ይጨምራል፣ 2,100 ገደማ ላይ እንደገና ይጎድላል። የሰው ድምፅ፣ የጊታርና የስኔር ድራም ማንነት የሚገኘው እዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ቦታውን ለማግኘት መስታወት ይበቃል፤ በማዳመጫ ቦታችሁ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው መስታወቱን ጠረጴዛው ላይና የጎን ግድግዳው ላይ ሲያንቀሳቅስላችሁ ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያሰማው የስፒከሩ ክፍል፣ በመስታወቱ ውስጥ የሚታይበት ነጥብ ድምፁ የሚነጥርበት ነጥብ ነው። የጎን ግድግዳውን ነጥብ በወፍራም ድምፅ መጣጭ መሸፈን ቀላል ነው። ጠረጴዛን መሸፈን ግን የማይመች ስለሆነ ስፒከሮቹን ከጠረጴዛው ላይ አውርዶ ከጀርባው በራሳቸው ማቆሚያ ላይ ማስቀመጥ፣ ከፍ አድርጎ ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል፣ ጠረጴዛውንም በተቻለ መጠን ጠባብ ማድረግ ይሻላል። የማይሠሩበትን ግዙፍ ኮንሶል ለግርማ ሞገስ ሲሉ ከፊታቸው የሚያቆሙ ስቱዲዮዎች ለግርማው የሚከፍሉት ከድምፁ ላይ ነው።

እስካሁን ያልነው መካከለኛውንና ከፍተኛውን ድግግሞሽ የሚመለከት ነበር። ከባዱ ጉዳት ያለው ባሱ ላይ ነው። ዉፈር የተባለው የስፒከሩ ክፍል ወፍራሙን ድምፅ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይረጨዋል፤ ምክንያቱም ሞገዱ ከካቢኔው፣ ከስፒከሩ ሳጥን፣ ስለሚበልጥ ካቢኔው ሊጋርደው አይችልም። ወደ ኋላ የሄደው ሞገድ ከስፒከሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ከፊተኛው ጋር ይጠላለፋል። ከስፒከሩ የፊት ገጽ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት የሞገዱን ርዝመት ሩብ በሚያህልበት ድግግሞሽ ላይ ተመላሹ በትክክል ግማሽ ሞገድ ዘግይቶ ስለሚደርስ ድምፁ ይጣፋል። ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጉድለቱ 143 ኸርዝ፣ 1 ሜትር ከሆነ 86 ኸርዝ፣ 1.5 ሜትር ከሆነ 57 ኸርዝ ገደማ ላይ ይወድቃል። ሮይ አሊሰን የተባለው መሐንዲስ የግድግዳዎችንና የወለልን ተጽዕኖ በዝርዝር ያሳየበት ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ጉዳዩ አዲስ አይደለም ማለት ነው፣ የሚተገብረው ሰው ግን አሁንም ጥቂት ነው። ጉድለቱ ደግሞ የሚያርፈው የባስ ጊታርና የኪክ ድራም ዋና ጉልበት ባለበት ክልል ላይ ነው። 86 ኸርዝ የማይሰማ ሰው 86 ኸርዝን ይጨምራል፤ ሥራውም በመኪና ስፒከር ሲከፈት ያንቀጠቅጣል።

በዚህ ጊዜ ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጎደለውን በኢኳላይዘር ለምን አንሞላውም? ወደ ስፒከሩ የሚገባውን የ86 ኸርዝ መጠን በ6 ዴሲቤል ብንጨምር ቀጥተኛው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያድጋል፤ ነገር ግን ግድግዳው የሚመልሰውም በዚያው በ6 ዴሲቤል ያድጋል። ሁለቱ እኩል ስላደጉ መጣፋታቸው ባለበት ይቀጥላል፤ ቀዳዳ ባለው እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ትርፉ የአምፕሊፋየሩ ድካም ብቻ ነው፤ 6 ዴሲቤል አራት እጥፍ፣ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ የዉፈሩም ኮን፣ የሚርገበገበው ሽፋኑ፣ ከልኩ በላይ እየተንቀሳቀሰ ድምፁን ማዛባት ይጀምራል። በተጨማሪም ጉድለቱ ባልነበረበት በክፍሉ ሌላ ጥግ ላይ የተጨመረው 86 ኸርዝ ተቆልሎ ይሰማል። በአንጻሩ ክፍሉ ከልክ በላይ ያገዘፈውን ድምፅ በኢኳላይዘር መቀነስ ይቻላል፣ ተገቢም ነው። ስፒከር ወደ ግድግዳ ሲጠጋ የሚያብጠውን ባስ ለመቀነስ ከብዙ ሞኒተሮች ጀርባ የሚገኘው መቀያየሪያ የተሠራው ለዚሁ ነው። የክፍል ማስተካከያ ሶፍትዌር የሚሸጡ ድርጅቶች ማስታወቂያቸው ላይ የተጣራ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሳዩ ይህን ልዩነት አጥብቀው ቢናገሩ ኖሮ ብዙ ሰው ከብስጭት በዳነ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዱ መንገድ ስፒከሩን ወደ ግድግዳው አጥብቆ ማስጠጋት ነው። የፊት ገጹ ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ ጉድለቱ ወደ 214 ኸርዝ ይወጣል፤ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ስፒከሩ ወደ ኋላ የሚረጨው እየቀነሰ ስለሚሄድና ከጀርባው የሚደረግ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የማዕድን ሱፍም መሥራት ስለሚጀምር ጉድለቱ ይለዝባል። ሁለተኛው መንገድ ስፒከሩን ከግድግዳው 2 ሜትር ከሩብ ያህል ማራቅና ጉድለቱን ከ40 ኸርዝ በታች መጣል ነው፤ ይህ ግን ትልቅ ክፍል ይጠይቃል። ሦስተኛው ስፒከሩን ግድግዳው ውስጥ መቅበር ነው፤ የፊት ገጹ ከግድግዳው ጋር ሲስተካከል ወደ ኋላ የሚሄድ ሞገድ ስለሌለ ከዚያ ግድግዳ የሚመለስም አይኖርም። ትልልቅ ስቱዲዮዎች ዋና ሞኒተሮቻቸውን ግድግዳ ውስጥ የሚገነቡት በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ የከፋው በብዙ ትንንሽ ክፍሎች የሚታየው፣ ስፒከሩን ከግድግዳው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር አርቆ ማቆም ነው። ሰብዉፈር፣ ዝቅተኛውን ባስ ብቻ የሚያሰማ ስፒከር፣ ያለው ሰው ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለእሱ አስረክቦ ሰብዉፈሩን ከግድግዳ ሥር ማስቀመጥ ስለሚችል ሞኒተሮቹን ለማስቀመጥ ሰፋ ያለ ነጻነት ያገኛል። በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ግን በዚህ ጉዳይ ምንም አያደርግም፤ የ86 ኸርዝ ሩብ ሞገድ 1 ሜትር ነውና። ይባስ ብሎ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ብቻ መጥጦ ክፍሉን የታፈነና ባሱ የሚያጓራ ያደርገዋል።

ስለ ክፍሉ የራሱ ሬዞናንስ፣ አንዳንድ ድግግሞሾችን አጉልቶ ስለማስተጋባቱ፣ በአጭሩ ልለፍ። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በትይዩ ግድግዳዎቹ መካከል የመጀመሪያውን ቋሚ ሞገድ የሚሠራው 34 ኸርዝ ገደማ፣ ሁለተኛውን 69 ኸርዝ ገደማ ላይ ነው። በክፍሉ ርዝመት መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው የመጀመሪያውን ፈጽሞ አይሰማውም፣ ሁለተኛው ደግሞ ተጋኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ወንበሩን ከመሐልና ከኋላ ግድግዳ ማራቅ፣ ማዕዘኖችንም በወፍራም ባስ መጣጭ መሙላት የተለመደ ምክር ነው፤ ጥሩ ምክርም ነው።

መጠላለፍ የሚጀምረው ግን ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ካቢኔው ላይ ነው። ባለሁለት መንገድ ሞኒተር ውስጥ ዉፈሩና ትዊተሩ፣ ድምፁን ለሁለቱ በሚያከፋፍለው በክሮስኦቨሩ ድግግሞሽ አካባቢ፣ አንድን ድምፅ በጋራ ያሰማሉ፤ ይህም ማለት ሁለት ምንጮች አሉ ማለት ነው። ሊንክዊትዝ-ራይሊ በተባለው የተለመደ ክሮስኦቨር ሁለቱም በመገናኛው ድግግሞሽ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ብለው፣ በአንድ ፌዝ፣ ማለትም ከፍታቸው ከከፍታ ገጥሞ፣ ተደምረው ሙሉውን መጠን ይሰጣሉ፤ ከፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው። የሁለቱ ማዕከላት በ20 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁና ክሮስኦቨሩ 2,000 ኸርዝ ላይ ቢሆን፣ ከመሐል መስመሩ 25 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲኬድ የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ግማሽ ሞገድ ይሆንና ድምፁ ይጣፋል። ስፒከሩ ቆሞ ሳለ ይህ ጉድለት ያለው ወደ ኮርኒሱና ወደ ወለሉ ነው፤ ሰው ደግሞ ሲሠራ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ ብዙ አይንቀሳቀስም። ስፒከሩን ያጋደመ ሰው ጉድለቱን ከኮርኒሱ አውርዶ በራሱና አጠገቡ በተቀመጠው ደንበኛ መካከል ያስቀምጠዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ድምፃዊው መጠን የማይስማሙበት ምክንያት አንዳንዴ ይኸው ነው። ትዊተሩ በዉፈሩ ወይም በመካከለኛው ስፒከር ማዕከል ላይ የሚቀመጥባቸው ኮአክሲያል ሞኒተሮች ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅሉታል። የካቢኔው ጠርዝም ራሱን የቻለ ሁለተኛ ምንጭ ነው፤ ሃሪ ኦልሰን የተባለው የድምፅ መሐንዲስ አሥራ ሁለት ዓይነት የካቢኔ ቅርጾችን አነጻጽሮ ለስላሳውን ውጤት ያገኘው ከሉል ቅርጽ ነበር፤ ሹል ማዕዘን ያላቸው ሳጥኖች ወደ ኋላ ቀሩ። የዘመኑ ሞኒተሮች ጠርዝ የሚድበለበለው ለውበት ብቻ አይደለም።

ከያማሃ ኤንኤስ-10 የሚገኘው ትምህርት እዚህ ላይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 ለመኖሪያ ቤት ተሠርቶ የወጣው፣ ነጭ ኮን ያለው ይህ ስፒከር በቤት ውስጥ ያን ያህል ሳይወደድ በስቱዲዮዎች ግን እስከ 2001 ምርቱ እስኪቆም ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ነግሷል። ትዊተሩ ስለሚጮህ ብዙ ባለሙያዎች ከፊቱ ለስላሳ ወረቀት ይለጥፉ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ከፍተኛውን ድግግሞሽ ከመቀነስ አልፎ ከትዊተሩ ጋር ድምፁን እያመላለሰ የራሱን ኮምብ ፊልተሪንግ ይጨምራል። የስፒከሩ መልካም ጎን ዝግ ካቢኔው ነው፤ ቀዳዳ ካላቸው ካቢኔዎች ባሱ ያጥራል፣ ነገር ግን ሲቆም ወዲያው ይቆማል። የኮምፕረሰርን፣ ማለትም የጮኸውን ድምፅ ከዝቅተኛው ጋር የሚያቀራርበውን መሣሪያ፣ ሥራ በእሱ ላይ ለመስማት የቀለለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፍሎይድ ቱል ያካሄዳቸው ጥናቶች ያሳዩት፣ ሰዎች የስፒከሩን ስም ሳያውቁ ሲያዳምጡ ፊት ለፊቱ ቀጥ ያለ፣ ወደ ጎኖቹም ያለ ድንገተኛ ለውጥ ቀስ በቀስ የሚቀንስ ድምፅ ያለውን እንደሚመርጡ ነው። ሲቲኤ-2034 የተባለው የአሜሪካ መስፈርት አንድን ስፒከር በየ10 ዲግሪው ዞሮ በ70 ልኬቶች የሚመዝነው በዚሁ ግንዛቤ ነው፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ወደ ጎን የወጣው ድምፅ ነውና።

አንድ የማይቀር መጠላለፍ አለ። በስቴሪዮ መሐል ላይ የሚሰማው ድምፃዊ ከሁለቱም ስፒከሮች እኩል ስለሚመጣ፣ እያንዳንዱ ጆሮ አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ያገኛል፤ ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው ከመሐል መስመሩ በ30 ዲግሪ ወደ ጎን ሲቀመጡ የሩቁ ድምፅ ሩብ ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ 2,000 ኸርዝ ገደማ ላይ ጉድለት ይፈጠራል። የክፍሉ ተመላሾች ይህን በመጠኑ ይሸፍኑታል። የድምፃዊውን ቃና በኢኳላይዘር የሚያርም ሰው ሞኖውን በአንድ ስፒከር ብቻ አልፎ አልፎ ቢያዳምጥ ይህን የስቴሪዮ ጠባይ ከቀረጻው ጉድለት ይለየዋል።

በኤሌክትሪክ በኩል የሚመጣውን ጣልቃ ገብነት ብዙ አላስረዝምም። አምፕሊፋየራቸው በውስጣቸው የሆነ ሞኒተሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሶኬት ጋር ስለሚገናኙ፣ ከኮምፒውተሩና ከኦዲዮ ኢንተርፌሱ ጋር የመሬት መስመር ቀለበት ይፈጥራሉ፤ እንደየአገሩ የ50 ወይም የ60 ኸርዝና የድርቦቻቸው ጉርምርምታ የሚሰማው ከዚህ ነው። ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ የኃይል ማከፋፈያ መሰካትና ባላንስድ ኬብል መጠቀም አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል፤ ባላንስድ ኬብል ሁለቱ ሽቦዎች በእኩል የሚቀበሉትን ሁከት ተቀባዩ መሣሪያ አንዱን ከሌላው ቀንሶ ያጠፋዋል። የሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጦ ጉርምርምታን ዝም ማሰኘት ግን ሕይወት የሚያሳጣ ድርጊት ስለሆነ ማንም እንዳይሞክረው። ስልክ አጠገብ ሲቀመጥ የሚሰማው የተቆራረጠ ጩኸት ደግሞ የጂኤስኤም ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ በመላኩ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱ ስልኩን ማራቅ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ልኬት ነው። የመለኪያ ማይክሮፎኑን ጆሯችሁ በሚሆንበት ቦታ አቁማችሁ መጀመሪያ ግራውን ብቻ፣ ቀጥሎ ቀኙን ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን በአንድ ላይ ለኩ። ባስ ውስጥ ጥልቅ ጉድለት ስታገኙ ስፒከሩን 20 ሴንቲ ሜትር አንቀሳቅሱና ድገሙት። የጉድለቱ ድግግሞሽ ከስፒከሩ ጋር ከተንቀሳቀሰ ምንጩ በስፒከሩ አቅራቢያ ያለ ግድግዳ ወይም ወለል ነው። ስፒከሩ ሲንቀሳቀስ ባለበት ቆይቶ ማይክሮፎኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ከተቀየረ ደግሞ ምንጩን ከጀርባችሁ ባለው ግድግዳ ፈልጉት፤ ለእሱም ያው የሩብ ሞገድ ሒሳብ ይሠራል። ሁለቱም ሲንቀሳቀሱ ድግግሞሹ ሳይለወጥ ጥልቀቱ ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ የክፍሉ ሬዞናንስ ነው። ተመላሾችን ለማስወገድ ልኬቱን በ5 ሚሊ ሰከንድ የምትቆርጡ ከሆነ ከ200 ኸርዝ በታች የሚታየውን መስመር አትመኑት፤ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ ሙሉ ሞገድ እንኳ አልተጠናቀቀም። ልኬቱም የሚደረገው ጠረጴዛው፣ ስክሪኑና ወንበሩ በዕለት ሥራ ቦታቸው ተቀምጠው ነው፤ ወንበሩ ረጅም መደገፊያ ካለው ከጆሮ በታች መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ እሱም ራሱን የቻለ ድምፅ የሚያነጥር ገጽ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።